ከቁጥር አንድ በፊት

ፊልም በእጁ ጠቅልሎ ለማያውቅ ለዛሬ ልጅ ነገሩን ማስረዳት ያስቸግራል። ቢሆንም ልሞክር። ሠላሳ ስድስት ፎቶ የሚያነሣው ጥቅልል ፊልም በካሜራው ሆድ ውስጥ ሲገባ ጫፉ ብርሃን ነክቶታልና ወዲያው አንድ ተብሎ አይጀመርም። ክዳኑን ዘግቶ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በከንቱ ተኩሶ፣ የተቃጠለውን ጫፍ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ቆጣሪው «1» ላይ ሲደርስ ያኔ ወደ ቁም ነገሩ ይገባል። ከቁጥር አንድ በፊት ያሉት እነዚያ ምቶች የትም ቢባክኑ ግድ የለም፤ ወደ ሰማይም፣ ወደ መሬትም፣ ወደ ጎረቤት ደጅም ይሁኑ። እኔ የማባክናቸው ወደ ጎረቤት ደጅ ነበር።

ዘመኑ 1980ዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው፤ እንደ እኛ አቆጣጠር። የምንኖረው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ተጠጋግተው ከቆሙት የቀበሌ ቤቶች በአንዱ ነበር። ካሜራዬ ዜኒት ናት። ሩሲያ ተምሮ ከመጣ ሰው ላይ ገዛኋት። ባትሪ አትጠይቅም፤ ብትወድቅ አትሰበርም፤ ክብደቷ ግን አንገት ያጎብጣል። ድምፅዋማ አይነሣ! ስትተኮስ በር በኃይል የተዘጋ ነው የሚመስለው። አንዲት ወፍ ካነሣሁ ሁለተኛዋን ፍለጋ ሌላ ዛፍ ሥር መሄድ ነበረብኝ። አብራት የመጣች ባለ 58 ሚሊሜትር ሌንስ አለች፤ ኋላ ላይ ባለ 135 ጨመርኩላት። ንብረቴ ይኸው ነበር።

የጓደኛዬ ንብረት ደግሞ አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን። እሱ መምህር ነው፤ ካሜራ አይወድም፤ አገር ማየት ይወዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ጡሩምባውን ይነፋና ሰፈሩን በሙሉ ይቀሰቅሳል። ቤታችን ጨለማ ስለሆነ ፊልሙን የማስገባው ከደጄ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ፊት ለፊቴ የእማማ ቤት አለ። እማማ የምላቸው የሥጋ ዘመዴ ሆነው አይደለም፤ ግቢው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚጠራቸው። እንጀራ እየጋገሩ ለሆቴል ቤቶች ያስረክባሉ። በዚያ ሰዓት የምጣዳቸው ጢስ በጣሪያው ክፍተት እየወጣ፣ ከአጥሩ የተወጠረው የልብስ ገመድ በጢሱ ውስጥ ይታያል። እኔ ግን አላየውም ነበር። ካሜራውን ወደዚያ አዙሬ አንዴ፣ ሁለቴ ተኩሼ፣ ቆጣሪዋ «1» ስትል ተነሥቼ እሮጣለሁ።

ሰፈሬ የፎቶግራፍ አገር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በምኒልክ ዘመን መጥተው የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ ሆኑ፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰው ነገሥታቱን ሲያነሡ ኖሩ። በእኔ ጊዜም ፒያሳ ከፎቶ ቤት ወደ ፎቶ ቤት እየተሻገሩ ዋጋ የሚያወዳድሩበት ቦታ ነበር። እኔ የማሳጥበውን ቤት ከመረጥኩ በኋላ ግን አልቀየርኩም። የሚያሳዝኑኝ ደመወዜና ፊልሜ ናቸው። በወር አንድ ጥቅልል፤ ሠላሳ ስድስት ምት ለአራት ቅዳሜ። ጓደኛዬ «ከንጉሥ ይልቅ ፊልም ታከብራለህ» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ብዙውን ጊዜ የምንሄደው ወደ ሰሜን ነው፤ እንጦጦን ወጥተን፣ ሱሉልታን አልፈን፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደብረ ሊባኖስ። ከመንገዱ ወደ ገደሉ ዳር ሲጠጉ «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚሉት አሮጌ የድንጋይ ድልድይ አለ። ስሙ ይሁን እንጂ ያሠሩት የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው። የእኔ ዓይን ግን ድልድዩ ላይ ሳይሆን ጭላዳው ላይ ነበር። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም አይገኝም። ዝንጀሮ ይባላል እንጂ ኑሮው የበግ ነው። በቂጡ ተቀምጦ እየተንፏቀቀ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ ይውላል፤ ሌሊቱን ገደሉ ላይ ያድራል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው መንጋው በሙሉ ሽቅብ ወደ ሜዳው ይወጣል። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት፣ የወንዱ ካባ የመሰለ ጎፈር... ለእነዚህ ስል ስንት ቅዳሜ በሆዴ ተንፏቅቄአለሁ።

መጀመሪያ መጀመሪያ አይቀርቡኝም ነበር። ትኩር ብሎ ማየት በእነሱ ቋንቋ የጠብ ምልክት ነው። ወንዱ የዓይኑን ቆብ ገልጦ፣ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ያሳያል፤ እኔም ወደ ኋላ እላለሁ። አንድ ከብት ጠባቂ ልጅ ሲያየኝ ቆየና «ጋሼ፣ አትያቸው፤ እንደነሱ ሣር ንጭ» አለኝ። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ከገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ይታያችሁ። ግማሽ ሰዓት ነጨሁ። መንጋው ከአሥር እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ከበበኝ። ያን ዕለት ያነሣሁት ትልቁ ወንድ ጭላዳ ዛሬም ሳሎኔ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ከዚያ የተሻለ ፎቶ አላነሣሁም።

በዚያው ቦታ ሳላነሣ የቀረሁትም አለ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ባዘዘው መሠረት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ለበዓል የመጡ ምእመናን በካሚዮን እየተጫኑ ተወስደው ተረሽነዋል። አንድ ሽማግሌ ባዶ ሜዳ በበትራቸው እያመለከቱ «ከዚህ ነው የወሰዷቸው» አሉኝ። አየሁ፤ ሣር፣ አንዲት አህያ፣ ድንጋይ። ምኑን ላንሣው? ሌንሱን ከደንኩት። ሽማግሌው ካሜራውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አለፉ። ጓደኛዬ በመመለሻችን መንገድ «ለአህያዋ ስትል እንኳን ታነሣው ነበር» አለኝ፤ በቀልድ ይሁን በቁም ነገር አላወቅሁም።

ወደ ደቡብ የሄድንበት ቅዳሜ ጥቂት ነው። በ1989 ዓ.ም. ግን በዓል ከቅዳሜና እሑድ ጋር ስለገጠመልን ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዘን አቢያታና ሻላ ደረስን። ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ናቸው፤ ግብራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። ሻላ የ266 ሜትር ጥልቀት አለው፤ አቢያታ ጠፍጣፋ ሳህን ነው። ፔሊካኖቹ ቤታቸውን በሻላ ደሴቶች ላይ ሠርተው ዓሣ የሚያጠምዱት ከአቢያታ ነበር። ፍላሚንጎዎቹም እዚያው ዳር ዳር ተሰልፈው፣ ምንቃራቸውን ገልብጠው ውኃውን ሲያጣሩ፣ ሐይቁ ሮዝ ቀለም የተቀባ ይመስል ነበር። የቆምኩት ውኃው ሊነካው ጥቂት ከቀረው አንድ ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። ተቀምጠው አነሣኋቸው። ተነሥተው ሲበሩስ? ብዬ በሁለት እጄ ባለ በሌለ ኃይሌ አጨበጨብኩ። ሰማዩ ሮዝ ሆነ። አምስት ምት ተኮስኩ። ከኋላዬ የፓርኩ ጠባቂ መጥቶ ኖሮ «ለአንተ ሥዕል ሲሉ ቁርሳቸውን ጥለው ሄዱ» አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ እዚያው ተመለስኩ። ድንጋዩን አገኘሁት። ከላዩ ቆሜ ሐይቁን ስፈልግ ከፊቴ የተዘረጋው ነጭ፣ የተሰነጠቀ፣ ጨው የመሰለ መሬት ነው። ውኃው ጋ ለመድረስ በእግሬ ብዙ ሄድኩ። አቢያታን የሚመግበው ከዝዋይ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ነው። ወንዙ ለመስኖ ተጠለፈ፤ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውኃ ተቀዳ። የቀረው ውኃ ጨዋማነቱ ሲጨምር ዓሣው አለቀ፤ ዓሣው ሲያልቅ ፔሊካኖቹ ሄዱ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ለጎበኘኝ ሰው ሁሉ አሳያለሁ። የመጀመሪያውን ሳነሣ ለማስረጃ ብዬ አልነበረም፤ ሮዝ ቀለም ወድጄ ነው።

እንግዲህ አንባቢ «የራስህን ከተማስ?» ብሎ ቢጠይቀኝ አልፈርድበትም። መልስ ነበረኝ፤ ያውም የተዘጋጀ። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ካሜራ ይዞ መቆም በራሱ ጥያቄ ያስነሣል። አንድ እሑድ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሳነሣ አንድ የጥበቃ ሰው «ማን ፈቀደልህ?» ብሎ ሁለት ሰዓት አቆመኝ። ቤተ መንግሥት ክልክል፣ ድልድይ ክልክል፣ መሥሪያ ቤት ክልክል። ጭላዳ የፈቃድ ወረቀት አይጠይቅም። ይህን ቀልድ ለብዙ ሰው ነግሬ ብዙ ሰው አስቄበታለሁ።

እውነቱ ግን ከቀልዱ ያንሳል። ሰፈሬን አፍርበት ነበር። ጭቃው የረገፈ ግድግዳ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ በመካከሉ የሚያልፍ ቦይ፣ ለስድስት ቤት አንድ መጸዳጃ። ካሜራ የገዛሁት ከዚህ ለመውጣት እንጂ ይህንኑ በወረቀት ላይ ደግሜ ለማየት አልነበረም። ደግሞም የትም አይሄድም ብዬ አስብ ነበር። የሚሸሸው ጭላዳው ነው፤ ወፏ ናት፤ ጀንበሯ ናት። የእማማ ደጅ ወዴት ይሸሻል?

አሁን ወደ አንድ ቅዳሜ ልምጣ። ወሩ ጥቅምት፣ ዓመቱ 1994። ክረምቱ ወጥቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ የደብረ ሊባኖስ ገደል ገና አረንጓዴ የሆነበት ሳምንት ነው። ለዚያ ቀን ብዬ አንድ ሙሉ ፊልም ገዝቼ አስቀምጫለሁ። እንደ ልማዴ ከድንጋዩ ተቀምጬ አስገባሁት፤ ሁለቱን ምት አባከንኩ፤ «1» አለች። ጡሩምባው ተነፋ። ልነሣ ስል የእማማ በር ተከፈተ። ከኋላቸው ልጃቸው አለ፤ አንድ ትንሽ ቦርሳ ይዟል። ወደ መተማ ሊሄድ እንደሆነ፣ ከመተማም ወደ ሱዳን እንደሚሻገር ግቢው ሁሉ ሲያወራ ሰንብቷል። እማማ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰዋል፤ ለዚሁ ብለው የለበሱት ይመስለኛል።

«ልጄ፣ እባክህ፤ ሳይሄድብኝ ከደጃችን ላይ አንድ ጊዜ አንሣን» አሉኝ።

«ፊልሙ አልቋል እማማ» አልኩ። «ሰኞ እገዛለሁ።»

ልጁ ሳቀ። «ሰኞማ እኔ የት እገኛለሁ?» አለ። እናቱ «ይሁን፤ ይሁን» ብለው ትከሻውን ጠረጉለት። እኔ እየሮጥኩ ወጣሁ። ለምን እንደዋሸሁ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ከሠላሳ ስድስቱ አንዱ ነበር የተጠየቅሁት። ክፉ ሰው ስለሆንኩ አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ ግን ምን እንደሆንኩ ስሙን አላገኘሁለትም። ያን ዕለት ሠላሳ አምስት ጭላዳና አንድ ጭጋግ ይዤ ተመለስኩ።

ልጁ ከካርቱም ሁለት ጊዜ ደወለ። «ወደ ላይ ልንሄድ ነው» አለ በሁለተኛው። ወደ ላይ ማለት ሊቢያ ነው። ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተሰማም። የሞተ ነው ያለ የለም፤ ያለ ነው ያለም የለም። እማማ ለቅሶ አልተቀመጡም።

እኛ በ2001 ዓ.ም. ከሰፈሩ ወጣን። ዜኒቷን ለልጄ መጫወቻ ሰጠኋት፤ ፊልም የሌለው ካሜራ ገዛሁ፤ ኋላም ስልክ ሁሉንም ተካ። ዛሬ በአንድ ቅዳሜ የማነሣው ፎቶ ያኔ በዓመት ከማነሣው ይበልጣል፤ ደግሜ የማየው ግን የለም። በየካቲትና በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ዶሮ ማነቂያም አብራ ፈረሰች። አንድ እሑድ ሄጄ ነበር፤ የግቢያችንን ቦታ በእርግጠኝነት ለይቼ ማመልከት አልቻልኩም።

ከዚያ ጥቂት ወራት በኋላ ስልኬ ጮኸ። እማማ ነበሩ። ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተሰጥቷቸዋል። ውኃ እንዳለው፣ መጸዳጃው የራሳቸው እንደሆነ፣ ደረጃው ግን ጉልበታቸውን እንደሚያመው ነገሩኝ። ከዚያም «ልጄ፣ አንተ እኮ ሁልጊዜ ካሜራህን ይዘህ ነበር። የቤቴን ፎቶ አንድ እንኳ አታጣም መቼም» አሉ። «አላጣም» አልኩ። ሁለተኛው ውሸቴ መሆኑ ነው።

አልበሞቹን አወጣሁ። ጭላዳ፣ ጭላዳ፣ ፍላሚንጎ፣ የመናገሻ ጫካ ጉሬዛ፣ የቢሾፍቱ ሐይቆች በጠዋት፣ በቀትር፣ በማታ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሄድኩባቸው ቅዳሜዎች። አንድም የሰፈሬ ደጅ የለም። ሚስቴ ናት «ኔጋቲቮቹስ?» ያለችኝ። በሁለት የብስኩት ጣሳ ተሞልተው ቁም ሣጥን ላይ ነበሩ። ፎቶ ቤቱ ለኅትመት የማይበቃውን ስለማያትም፣ የተቃጠለው ጫፍ ምን እንደያዘ ዓይቼ አላውቅም ነበር። አንዱን ክር ወደ መስኮቱ አንሥቼ በብርሃን አየሁት። ጫፉ ላይ 00 እና 0 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። 00 ግማሹ በብርሃን ተበልቷል፤ በቀረው ግማሽ ላይ አንድ ደረጃ፣ የመስኮት ጥግ፣ የጢስ ጭረት። የእማማ ቤት ነው። ሁለተኛውን ክር አነሣሁ፤ ደግሞ የእማማ ቤት። ያዘነበለ፣ የተቆረጠ፣ ደብዛዛ። ድመቷ። የእንጀራ ሰፌድ። የእማማ እግር ብቻ፤ ከላይ ያለው የለም። እስኪመሽ ድረስ ቆጠርኩ፤ ከአርባ በላይ ነበሩ። ሙሉ በር ግን በአንዱም ላይ የለም።

ከፖስታዎቹ በአንዱ ላይ በእጅ ጽሑፌ «ጥቅምት 1994፣ ደብረ ሊባኖስ» ይላል። ቁጥር 1 የሱሉልታ መንገድ በጭጋግ ነው። ከእሱ በፊት ያለው 0 ላይ የእማማ የልብስ ገመድ በሰያፍ ያልፋል፤ አንድ ሸሚዝ ተሰጥቷል። በሩ አይታይም። ከዚህ ምት በኋላ ነው በሩ የተከፈተው።

አምስቱን መርጬ አሳተምኩ። ወጣቱ አታሚ ቀይና ቢጫ ሆኖ የተቃጠለውን ጎን እያየ «ጋሼ፣ ይሄን ቆርጬ ላውጣልህ?» አለኝ፤ እንዲተወው ነገርኩት። ስድስተኛዋን፣ ሸሚዟን፣ ላሳትም አላሳትም እያልኩ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። የእማማ ዓይን ደክሟል፤ አያስተውሏትም ይሆናል አልኩ። ብተዋትስ ማን ያውቃል አልኩ። መጨረሻ ላይ አሳትሜ ከፖስታው ሥር ከተትኳት።

ቅዳሜ ሄድኩ። ቡና አቅርበው ጠበቁኝ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ በመነጽራቸው ተጠግተው አዩ። በደረጃው ሳቁ፤ «ይቺ ድንጋይ እኮ ስንቱን ጥላለች!» አሉ። በድመቷ ሳቁ። እግራቸውን ሲያዩ «ጭንቅላቴንስ የት ጣልከው?» አሉኝ። «በሩስ?» ሲሉኝ «በሩ አልገባም» አልኩ። አቦሉን ጠጣን። ከዚያ ስድስተኛዋን አወጡ።

ብዙ ቆዩ። ጣታቸውን ሸሚዟ ላይ አድርገው «ማታ አጥቤለት ነበር» አሉ። «ሳትደርቅለት ትቷት ሄደ።»

ዝም አልኩ።

«ይሄ ያን ዕለት ነዋ።»

«ያን ዕለት ነው።»

«ፊልሙ አልቋል አላልከኝም ነበር?»

«ብዬዎታለሁ።»

«አልቆ ነበር?»

«አላለቀም ነበር፣ እማማ።»

መነጽራቸውን አወለቁ፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው መልሰው አደረጉ። ፎቶዋን ከሬዲዮናቸው ጋር አስደግፈው አቆሟት፤ ቀና አላለችላቸውም መሰል እንደገና አነሥተው አስተካከሏት። ከዚያ ወደ ረከቦቱ ተመልሰው ጀበናውን አነሡ።

«ቶናው ነው» አሉኝ ስኒውን እያቀበሉኝ፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም።